ብሌድ ክፍል ሁለት ከዘጠኝ ወር በኋላ፦ እኔና ያ የጎማ ሰውዬ

ከጥፋቱ ልጀምር፣ ሌላው ይደርሳል።

ፊልሙ ከጀመረ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላው ሁለት ጭምብል ያጠለቁ ቫምፓየሮች፣ ዌስሊ ስናይፕስ የሚጫወተው ቫምፓየር ገዳዩ ብሌድ ወደተደበቀበት መጋዘን ሰርገው ይገባሉ። ድብድቡ ይጀመራል። ከጀርባቸው ግድግዳ የሚያህል የመብራት ድርድር አለ፣ እነሱ ከፊቱ እንደ ጥላ ይራወጣሉ። ሰይፍ ከሰይፍ ይፋጫል። እኔም ሶፋው ጫፍ ላይ ወጥቻለሁ። ከዚያ ድንገት ዌስሊ ስናይፕስ የለም! በቦታው የገባው ነገር የስናይፕስ ቅርጽ አለው፣ ቁመቱም ቁመቱ ነው፣ ግን አጥንት የለውም። ይዘላል፣ አየር ላይ ይገለበጣል፣ ያርፋል። ሲያርፍ ግን ወለሉን የነካው አይመስልም። ክብደት የለውም። ልክ እንደ ተለቀቀ ላስቲክ ተመዞ ይመለሳል። ጥቂት ሰከንድ ነው። ከዚያ እውነተኛው ስናይፕስ ተመልሶ ይመጣና ምንም እንዳልተፈጠረ ድብድቡን ይቀጥላል።

እኔ ስም አውጥቼለታለሁ፦ የጎማ ሰውዬ።

ዲስኩ እኔ ቤት ከገባ ዘጠኝ ወር ሆነው። ብሉሬይ ነው፣ አንደኛውንም ሁለተኛውንም አብሬ ነው የገዛሁት። እውነቱን ለመናገር የፈለግኩት አንደኛውን ብቻ ነበር። አንደኛው ለኔ ሌላ ነገር ነው፣ ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቁጥሩ ጠፍቶኛል። ሻጩ ግን አለቀቀኝም። «ወንድሜ፣ ሁለተኛውን ካየህ አንደኛውን ትረሳዋለህ» አለኝ። እንዲህ ሲባል ደግሞ ሞኝ ነኝ። ገዛሁ። በዚያች ዓረፍተ ነገር ከሰውዬው ጋር በልቤ ስጨቃጨቅ ይኸው ዘጠነኛ ወር ሆነኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወሮች ሰላም ነበሩ። በአሮጌዋ ትንሽ ቲቪ ነበር የማየው፣ ሁለት ሦስቴ አየሁት፣ ወደድኩት። ስለዚያ ጊዜ ሌላ የምለው የለም።

ችግሩ የመጣው ትልቅ ቲቪ ስገዛ ነው። የመጀመሪያውን ማታ በደስታ ዲስኩን ከተትኩ፣ መብራት አጠፋሁ፣ መጋዘኑ ጋ ደረስን፣ የጎማ ሰውዬ ዘሎ ወጣ። ደነገጥኩ። ከዚህ በፊት እንዴት አላየሁትም? መጀመሪያ የጠረጠርኩት ዲስኩን ነው። አወጣሁት፣ በለስላሳ ጨርቅ ጠረግኩት፣ መብራት ላይ እያገላበጥኩ ጭረት ፈለግኩ። ንጹሕ ነው። መልሼ ከተትኩት። ያው ነው። እንዲያውም አሁን ፊልሙ በሙሉ የተበላሸ መሰለኝ፤ ሰዎቹ ሲራመዱ የሚንሸራተቱ ይመስላል፣ ሁሉ ነገር ተከታታይ ድራማ መሰለ።

እዚህ ላይ ሻጩ በጆሮዬ «አየህ፣ ጥፋቱ የቲቪህ ነው» ሲለኝ ሰማሁት። ክፋቱ ግማሽ እውነት አለው። ፊልም በሰከንድ በ24 ምስል ነው የሚቀረጸው። አዳዲሶቹ ቲቪዎች ደግሞ በሁለት ምስሎች መሃል ሌላ ምስል ከራሳቸው ፈጥረው የሚያስገቡበት እንቅስቃሴ ማለስለሻ አላቸው፣ ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ተከፍቶ ነው የሚመጣው። ለኳስ ጥሩ ነው ይላሉ። ለፊልም ግን መርዝ ነው። ሜኑውን ስቆፍር አምሽቼ አገኘሁትና አጠፋሁት። ፊልሙ ነፍስ ዘራ። መንሸራተቱ ቀረ። ትልቅ ቲቪ ያላችሁ ሰዎች፣ ሌላውን ሁሉ እርሱትና ይህቺን ነገር ዛሬውኑ አጥፉ።

ወደ መጋዘኑ ተመለስኩ። የጎማ ሰውዬ አለ። ትንሽ ቀንሷል እንጂ አለ!

ያኔ ነው ነገሩ እልህ የሆነው። ሪሞቱን ይዤ አንድ በአንድ እያቆምኩ ማየት ጀመርኩ። ወደፊት አንድ ምስል፣ ወደኋላ አንድ ምስል። መብራቱን ለምን ከኋላ እንዳደረጉት ገባኝ። ብርሃን ከጀርባው ያለ ሰው ፊቱ አይታይም። ፊቱ ካልታየ ደግሞ ሰው ይሁን አሻንጉሊት ማን ይለያል? ጎበዞች ናቸው፣ አልክድም። የረሱት ግን ሰው ሰውን የሚያውቀው በፊቱ ብቻ አለመሆኑን ነው። ወንድሜ ከሩቅ ሲመጣ ፊቱን ሳላይ በአረማመዱ ነው የማውቀው። ስናይፕስንም እንደዚያው ነው የማውቀው። ሰውዬው ከልጅነቱ ጀምሮ ማርሻል አርት የተማረ ነው፣ አቋቋሙ ብቻውን ድብድብ ነው። እሱን የመሰለ ሰው ቀጥረህ፣ ልክ የሚያምርበት ቦታ ላይ አስወጥተህ የኮምፒውተር ሥዕል ታስገባለህ?

ይባስ ብሎ ዶኒ የንም እዚሁ ፊልም ውስጥ አለ። አዎ፣ ራሱ ዶኒ የን፣ የሆንግ ኮንጉ የማርሻል አርት ኮከብ። የድብድቦቹ ቅንብር ላይ ሠርቷል፣ ስኖውማን የተባለውን ቫምፓየርም ሆኖ ተውኗል። ስኖውማን አንድ ቃል አይተነፍስም፣ ይሁን፣ ቃል ማን ፈለገ። ግን እጁንም እግሩንም ጠግበን ሳናይ ይሞትብናል። እንጀራ በመሶብ ሞልቶ በሥዕሉ እንደመጥገብ ነው።

«አንደኛውስ?» ይለኛል ሻጩ። «የአንደኛው መጨረሻ ላይ ያለው የኮምፒውተር ደም ያምራል ልትል ነው?» ያምራል አላልኩም። የአንደኛው ፊልም ዋና ጠላት ዲከን ፍሮስት ለሁለት ተቆርጦ በቀይ ነገር ሲገጣጠም፣ በመጨረሻም ተነፍቶ ሲፈነዳ፣ ዛሬ ላይ ያስቃል። ከሁለተኛው የባሰ ያስቃል ብትሉኝም አልከራከርም። ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ እኔ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠግቤ፣ ለመሳቅም ለይቅርታም ዝግጁ ሆኜ። የጎማ ሰውዬ ግን ገና በር ላይ ነው የሚቀበለኝ። ከዚያ በኋላ ሰው በዘለለ ቁጥር «ይሄስ እውነት ነው?» እያልኩ ነው የማየው።

ሁለተኛውን ነጥብ ያወቅሁት ከአንደኛው ፊልም የተቆረጡ ትዕይንቶችን ሳይ ነው፣ የተናደድኩትም ያኔ ነው። ለአንደኛው መጀመሪያ ያዘጋጁለት መጨረሻ ሌላ ነበር። ፍሮስት ወደሚሽከረከር የደም ማዕበል ይለወጣል፣ ብሌድ ከማዕበል ጋር ይዋጋል። አዩትና አልሆነም አሉ። ጣሉት። በምትኩ እንደገና ቀርጸው ሁለት ሰይፍ የያዙ ሰዎችን ፊት ለፊት አቆሙልን። በ1998 ይህን ያህል ልብ ነበራቸው፤ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። አራት ዓመት ቆይተው በ2002 ሁለተኛውን ሲያወጡ፣ አንደኛው በ45 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ ለተከታዩ 54 ሚሊዮን ዶላር ሲወጣ፣ ያን ትምህርት ረሱት። ያኔ ማዕበሉን አውጥተው ሰው አስገቡ። አሁን ሰውን አውጥተው ጎማ አስገቡ። ደራሲው እኮ ያው ዴቪድ ጎየር ነው! ዳይሬክተሩ ነው የተቀየረው፣ ከስቲቨን ኖሪንግተን ወደ ጊየርሞ ዴል ቶሮ።

ስለ ዊስለርም፣ የብሌድ አሳዳጊና መሣሪያ ሠሪ ስለሆነው ሽማግሌ፣ አንድ ነገር ልናገርና ልለፍ። አንደኛው ላይ ሽማግሌው ይነከሳል፣ ብሌድ ሽጉጡን ይሰጠውና ጀርባውን አዙሮ ይሄዳል፣ ከኋላው ተኩስ ይሰማል። ከዚያ ፊልም ውስጥ በጣም የምወደው ጸጥታ ያ ነው። ሁለተኛው ሲጀምር ግን ዊስለር አልሞተም፣ ቫምፓየሮች ፕራግ ውስጥ አስቀምጠውታል፣ ብሌድም አምጥቶ በአንድ ሌሊት ሕክምና ያድነዋል። በአንድ ሌሊት! ጠዋት መስኮቱን ይከፍታል፣ ፀሐይ ትገባለች፣ ሰውዬው ደህና ነው። በመመለሱ ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው፣ ተዋናዩን ክሪስ ክሪስቶፈርሰንን ማን ይጠግባል። ያንን ተኩስ ግን ሰረቁኝ።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ልናገር፣ ምክንያቱም ባለፈው ሳምንት እንደገና አይቼዋለሁና ሙዴ ተቀይሯል።

የዚህ ፊልም አዲሶቹ ጠላቶች ሪፐር ይባላሉ። ቫምፓየርንም ጭምር የሚበሉ ቫምፓየሮች ናቸው። ነጭ ሽንኩርት አይነካቸው፣ የብር መሣሪያ አይነካቸው፣ የሚፈሩት ፀሐይን ብቻ። አገጫቸው መሃል ለመሃል ተሰንጥቆ እንደ አበባ ይከፈታል፣ ከውስጥ ሌላ አፍ ይወጣል። አንዱን ገድለው ጠረጴዛ ላይ አጋድመው የሚከፍቱበት ትዕይንት አለ። ድብድብ የለበትም። ኒሳ፣ መጋዘኑ ከገቡት ሁለት ጭምብላሞች አንዷ፣ በድኑን እየከፈተች ታሳያለች፣ ብሌድ ቆሞ ያያል፣ ልቡ በአጥንት ተሸፍኖ ይገኛል፣ ከጎን ካልሆነ በቀር ሰይፍ አይገባውም። እርጥብ ነው፣ ይከብዳል፣ ሥጋው ሲገለጥ ድምፅ አለው። ስበላ ከሆነ ሳህኔን አስቀምጣለሁ። ይህንን በትልቁ ቲቪ ሳየው ደግሞ ተሻለ እንጂ አልባሰም። ትልቁ ስክሪን የጎማ ሰውዬን እንዳጋለጠ ሁሉ የዚህን እያንዳንዷን የቆዳ ሽብሽብ አወጣው። ጎማ ሊሆን የሚገባው ሬሳ ሰው መሰለ፣ ሰው መሆን የነበረበት ስናይፕስ ጎማ መሰለ። ምን ይባላል?

ዴል ቶሮ ጭራቅ ሲሠራ ይራራለታል፣ ነገሩ ይሄ ነው። ኖማክ፣ የሪፐሮቹ መጀመሪያ፣ መጥፎ ነው ግን ታዝንለታለህ። አባቱ የበደለው ልጅ ነው። በመጨረሻ የብሌድ ሰይፍ ከጎኑ ሲገባ ራሱ በገዛ እጁ የቀረውን ይገፋዋል። ዲከን ፍሮስት አፉ የማይዘጋ ጉረኛ ነበር፣ ወድጄዋለሁ፣ ግን ሲሞት አላዘንኩም። ለኖማክ አዝኛለሁ። በዚህ በዚህ ሁለተኛው አንደኛውን ይበልጠዋል፣ ይኸው ተናገርኩ፣ ሻጩ ደስ ይበለው።

ሮን ፐርልማንም አለ፣ ሬይንሃርት ሆኖ። እሱና ጓደኞቹ ብሌድን ለመግደል ሁለት ዓመት የሠለጠኑ ናቸው፣ አሁን ግን ሪፐሮቹ ስለመጡ በብሌድ ትዕዛዝ ሥር ይሆናሉ። ሬይንሃርት ነገር ሲፈልገው ብሌድ ቦምብ ጭንቅላቱ ላይ ይለጥፍበታል። በቃ፣ ከዚያ በኋላ እያንዳንዷ ንግግራቸው ጣፋጭ ናት። ብሌድ ከደም ገንዳው ተነስቶ ጠባቂዎቹን ሲያራግፍ፣ ዊስለር መነጽሩን ሲወረውርለትና አየር ላይ ሲቀልባት፣ እኔም ሁልጊዜ ብቻዬን አጨበጭባለሁ። ያሳፍራል ያለ ይፈር።

ታዲያ አንደኛውን ያክላል ወይ? ባለፈው ወር ብትጠይቁኝ «አይደርስበትም፣ ገንዘባችሁን ያዙ» እላችሁ ነበር። ዛሬ ብትጠይቁኝ ግዙ እላለሁ፣ ግን አንደኛውን አስቀድማችሁ እዩ፣ እንዲያው ቅደም ተከተሉን ብላችሁ ሳይሆን ያን የሽጉጥ ጸጥታ ማንም ሳይነካባችሁ እንድትሰሙት። የ2004ቱን ሦስተኛ ክፍል ግን አብሬ አልገዛሁም፣ ሻጩ ሊያክልልኝ ሞክሮ ነበር፣ እዚያ ላይ እንኳን አሸንፌዋለሁ።

እኔ ለራሴ መላ አበጅቻለሁ። መጋዘኑ ጋ ስንደርስ፣ ሁለቱ ጭምብላሞች ሲገቡ፣ ሪሞቱን አነሳና አሳልፈዋለሁ። ኒሳ ጭምብሏን ስታወልቅ እመለሳለሁ። ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ አብሮኝ ነበር፣ ከፊልሙ ጋር እኩያ ነው ማለት ይቻላል። ሳሳልፈው «ጋሼ፣ ምን ሆነህ ነው?» አለኝ። የጎማውን ሰውዬ ነገር ከሀ እስከ ፐ አስረዳሁት፣ 24ቱን ምስልም፣ መብራቱንም፣ ዶኒ የንንም። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ሪሞቱን ከእጄ ወስዶ ወደኋላ መለሰና አየው።

«ጌም ይመስላል እኮ» አለ። «አሪፍ ነው።»

ደገመው። ሠለሰው። እኔ ውሃ ላመጣ ተነሳሁ።