በርካሽ ጉትቻ የከሰርኩት፦ የከብት መለያ ለመግዛት ለምታስቡ

«የትኛውን የጆሮ መለያ ልግዛ?» የሚለውን ጥያቄ ከብት ከሚያረቡና ከሚያደልቡ ወዳጆቼ በየጊዜው ስለምሰማ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል። መልሴን ከወዲሁ ልናገር፦ በአንደኛው ጆሮ ቺፕ (ማንበቢያ መሣሪያ ሲጠጋው ቁጥሩን በሬዲዮ የሚናገር) ያለው ክብ መለያ፣ በሌላው ጆሮ ያንኑ ቁጥር የያዘ በዓይን የሚነበብ ሰፊ ፕላስቲክ፤ ሁለቱም ከአንድ ፋብሪካ በጥንድ የወጡ። ኡራጓይ እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ የሚወለዱ ከብቶቿን ሁሉ የምትከታተለው በዚሁ ዓይነት ጥንድ ነው። እኔ ግን የደረስኩበት የእሷን ልምድ አንብቤ ሳይሆን ከስሬ ነው።

የተራውን ፕላስቲክ ዋጋ አንድ እንበል። እኔ በገዛሁ ጊዜ ደኅናው ባለ ቺፕ አራት፣ ርካሹ ሁለት ይጠየቅበት ነበር። መቶ ከብት ስለነበረኝ ርካሹን በሁለት መቶ ገዝቼ ሌላ ሁለት መቶ ያተረፍኩ መስሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ። ስድስት ወር ሳይሞላ አሥራ ዘጠኙ ፀሐይ ሰነጣጥቋቸው ወደቁ። ሰባቱ ደግሞ ጆሮ ላይ እንዳሉ ድምፃቸው ጠፋ፤ ማንበቢያውን ብታስጠጉት ባታስጠጉት ያው ነው። ሃያ ስድስት ከብት እንደገና መሰብሰብ፣ የተበሳ ጆሮ ዳግም መብሳት፣ የሦስት ሠራተኛ ሙሉ ቀን። ይህን ማንም ሻጭ በዋጋ ዝርዝሩ ላይ አይጽፈውም።

ይህም ቢሆን በቻልኩት ነበር። የባሰው የመጣው ሁለት ኮርማዎች አንድ ዓይነት ቁጥር ሲያነቡ ነው። ሁለቱን እያፈራረቅኩ አሥር ጊዜ ሳላነብ አልቀረሁም። ቁጥሩ የሚጀምረው በ999 ነበር። አይሶ 11784 በተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት የእንስሳ ቁጥር 15 አሃዝ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የአገር ወይም የአምራች መለያ ናቸው። 999 ለሙከራ የተተወ ነው፤ በሕይወት ባለ ከብት ጆሮ ላይ ምንም ሥራ የለውም። መቶውንም አውልቄ ደኅናውን ገዛሁ። አራት መቶ ሊያስወጣኝ የነበረው ስድስት መቶ አስወጣኝ፤ ድካሙን ሳልቆጥር።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት አምስት ስድስት ናሙና አንብቡ። ማንበቢያው የሚያሳየው ቁጥርና ፕላስቲኩ ላይ የታተመው አንድ መሆን አለበት። ከዚያ ሁለቱን ክፍሎች ገጣጥማችሁ በቢላ ለማላቀቅ ሞክሩ። ደኅናው ሳይሰበር አይለቅም፤ የእኔዎቹ ግን እንደ ልብስ ቁልፍ ይከፈቱ ነበር። ከአንዱ ጆሮ ወጥቶ በሌላው ጆሮ የሚገባ መለያ ይዞ ዱካ መከታተል አይቻልም። ሻጩ «በስልክም ይነበባል» ካላችሁ ደግሞ ሳትከራከሩ ውጡ። የከብት መለያ የሚሠራው በ134.2 ኪሎኸርዝ ነው፤ ስልክ የሚያነበው 13.56 ሜጋኸርዝ ነው። በስልክ የሚነበብ ከሆነ የቄራው ማንበቢያ አያየውም።

ኤፍዲኤክስ ቢ ወይስ ኤችዲኤክስ? ሁለቱ ቺፑና ማንበቢያው የሚነጋገሩባቸው መንገዶች ናቸው፤ ሁለቱንም የ11784 ተጓዳኝ የሆነው አይሶ 11785 ይዟቸዋል። ከብቶቹ እየተራመዱ በበር ላይ የሚነበቡ ከሆነ፣ በተለይ በአቅራቢያው ሞተር ካለ፣ ኤችዲኤክስ ከራቀ ቦታ በተሻለ ይነበባል። በእጅ ለሚያነብ ግን ርካሹ ኤፍዲኤክስ ቢ ይበቃል፤ እኔም የምጠቀመው እሱን ነው። ርካሽ ያልኩት እዚህ ላይ ብቻ መሆኑን ልብ በሉ።

ኪስ የሚያራቁተው ማንበቢያው ነው። የአንዱ ዋጋ የብዙ መቶ መለያ ዋጋ ስለሚሆን ከጎረቤት ጋር በጋራ መግዛት አያሳፍርም። ለድመትና ለውሻ የተሠራውን ትንሹን መሣሪያ አትግዙ፤ እጃችሁን ከቀንድ ሥር ካላስገባችሁ አያነብም፤ ብዙው ደግሞ ኤችዲኤክስን ጨርሶ አያውቀውም። ረጅም ዘንግ ያለው ይሻላል። የእኔ ዘንግ ባትሪው ሲደክም አንድ ጠጋኝ ከፍቶ ቀየረልኝና ተደሰትኩ። ሲከፍተው ውኃ የሚከላከለውን ጎማ እንደቆረጠው ያወቅኩት በመጀመሪያው ዝናብ ነው። ባትሪው ከውጭ የሚወጣና የሚገባ ከሆነ ትንሽ ጨምራችሁም ቢሆን እሱን ውሰዱ።

መብሻ ፒንሳውንም ከመለያው ፋብሪካ ግዙ። የሌላ ፋብሪካ መርፌ ጆሮውን ይቀድዳል ወይም መለያውን ያጣምማል። የሚበሳው በጆሮው ውስጥ በሚዳሰሱት ሁለት ጠንካራ ሸንተረሮች መካከል ነው፤ ወደ ጫፍ ከወጣ ቁጥቋጦ ይዞ ያስቀረዋል።

ሌሎቹን የመለያ ዘዴዎች በአጭሩ። በጋለ ብረት መተኮስ ባለቤቱን እንጂ ከብቱን አይለይም፤ ቆዳውንም ያበላሻል። ቦለስ፣ ማለትም ተውጦ በሁለተኛው የጨጓራ ክፍል የሚቀመጠው ባለ ቺፕ ሴራሚክ፣ አይወድቅም። ግን ትንሽ ጥጃ አይውጠውም፣ ከውጭ አይታይም፣ በዕርድ ጊዜም ፈልጎ ማውጣት ይጠይቃል። ቦትስዋና በስፋት ሞክራው ኋላ ወደ ጆሮ መለያ ዞራለች። ዩኤችኤፍ የሚባለው፣ በከፍተኛ የሬዲዮ ድግግሞሽ የሚሠራው መለያ፣ ከብዙ ሜትር ይነበባል፤ ያንኑ ያህል ያልፈለጋችሁትን የጎን ከብት ያነብባችኋል።

በዓይን የሚነበበው ብቻ አይበቃም ወይ ለምትሉኝ፣ ቄራ ሄዳችሁ እዩ። ጭቃ የለበሰ 3 እና 8 በደብዛዛ ብርሃን አንድ ናቸው። ጆሮው ደግሞ ከጭንቅላቱ ጋር ተቆርጦ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን የሚሸከመው ሥጋው የተሰቀለበት መንጠቆ ወይም የሚለጠፍበት ወረቀት ነው። አንድ ቀን የእኔ አንድ በሬ በሥጋ ምርመራ ተለይቶ ከሰልፉ ወጣ፤ ጸሐፊው ግን አልሰረዘውም። ከእሱ ኋላ ያሉት አሥራ አንዱ ሁሉ የፊተኛቸውን ቁጥር ይዘው ወደ ማቀዝቀዣ ገቡ። እኔ ይህን ያወቅኩት አጭሩ ወይፈኔ በወረቀት ላይ በክብደት ከትልቁ በሬ በልጦ ስላየሁ ነው። ጭንቅላቱ ሳይለይ በቺፕ ተነብቦ ከመንጠቆው ጋር ቢያያዝ ኖሮ ሰልፉ በዚያው ይቀና ነበር። ስለዚህ ከሻጩ አስቀድማችሁ ቄራውን ጠይቁ፦ ምን ዓይነት ቺፕ ያነባሉ? የትኛው ደረጃ ላይ?

የተረፉኝን ርካሽ ጉትቻዎች ባልዲ ለመለየት በእጀታቸው ላይ አስሬያቸዋለሁ። አራቱ ተሰንጥቀዋል።