ከኦሮራ እስከ ስተርጂስ፦ የሆንዳ ጎልድ ዊንግ ቱር የረጅም መንገድ ፈተና

ባለፈው ነሐሴ፣ ጾመ ፍልሰታ በገባበት ዕለት ማለዳ፣ እኔና የብዙ ዓመት ወዳጄ ከምንኖርባት ከኮሎራዶዋ ኦሮራ ተነሥተን በደቡብ ዳኮታ ግዛት በየዓመቱ ወደሚካሄደው የስተርጂስ የሞተረኞች ራሊ (ትልቅ መሰባሰቢያ) ተጓዝን። እርሱ የራሱን ባለ ሁለት ሲሊንደር 650 ሲሲ የጉዞ ሞተር ይዞ ሲመጣ እኔ ለአራት ቀን ሆንዳ ጎልድ ዊንግ ቱር ተከራይቼ ነበር። ይህን ሞተር ልግዛ አልግዛ እያልሁ ሁለት ዓመት አመንትቻለሁ። አዲሱ ከ29,000 ዶላር በላይ የሚጠየቅበት ዕቃ፣ መሸጫ ቤት ውስጥ ወጥተው ስለ ወረዱበት ብቻ አይታወቅምና፣ ደርሶ መልስ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ መንገድ ላይ፣ ከነጓዙና ከነንፋሱ ልፈትነው ወሰንሁ።

ለማያውቁት ጥቂት ልበል። የመጀመሪያው ጎልድ ዊንግ እ.ኤ.አ. በ1974 ለሕዝብ ሲታይ ባለ አራት ሲሊንደርና 1,000 ሲሲ ገደማ ነበር፤ በ1988 ሞዴሉ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሆነ፤ በ2018 ደግሞ ከፊት ሞላው እስከ ማርሹ እንደ አዲስ ተሠራ። እኔ የያዝሁት ከዚሁ ከአዲሱ ትውልድ ነው። ሞተሩ 1,833 ሲሲ ሲሆን ሦስቱን ሲሊንደር በግራ፣ ሦስቱን በቀኝ አጋድሞ ስለሚይዝ ክብደቱ ወደ መሬት ቀርቦ ይቀመጣል። ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው በካቴና ሳይሆን በዘንግ ነው፤ ወዳጄ በየማደሪያው ተንበርክኮ ካቴናውን ዘይት ሲቀባ እኔ ቆሜ ከማየት በቀር ሥራ አልነበረኝም። ሰባቱን ማርሽ ራሱ የሚቀያይር ዓይነት ስለ ተሰጠኝ በእጅ የሚያዝ ፍሪሲዮን የለውም፤ የግራ እጅ ጣቶች መንገዱን በሙሉ እረፍት ላይ ናቸው።

ከዴንቨር እስከ ዋዮሚንጓ ሻየን ያለው ሰፊ አውራ ጎዳና ለዚህ ሞተር ማሟሟቂያ እንኳ አይሆነውም። ፈተናው የጀመረው ከሻየን ወዲያ፣ በስተ ሰሜን በሚዘልቀው በዩ.ኤስ. 85 መንገድ ላይ ነው። ሻየን ከባሕር ወለል በላይ 1,848 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ስትሆን ዙሪያዋ ዛፍ የማይበዛበት ሜዳ በመሆኑ ንፋሱን የሚያቆመው ነገር የለም። ከጎን መጥቶ ይገፋል፤ ትልቅ የጭነት መኪና ከፊት መጥቶ ሲያልፍ ደግሞ ለአንድ አፍታ ጸጥ ይልና ወዲያው በእጥፍ ይመታል። ጎልድ ዊንግን ያደነቅሁት እዚህ ላይ ነው። የንፋስ መከላከያ መስታወቱ ቁልፍ ሲጫኑት ከፍና ዝቅ ይላል፤ ከፍ ሲደረግ ንፋሱ ከሄልሜት በላይ ያልፍና ደረት ላይ የነበረው ጫና ይጠፋል። ከጎን ሲመታ ሞተሩ ይነቃነቃል እንጂ መስመሩን አይለቅም። ከፊቴ የሚሄደው ወዳጄ ግን አንገቱን ወደ ንፋሱ ሰብሮ፣ ሞተሩንም አጋድሞ፣ በቀጥተኛ መንገድ ላይ ኩርባ የሚዞር ሰው መስሎ ነበር የሚጓዘው። ቶሪንግተን ቤንዚን ልንቀዳ ስንቆም ትከሻውን እያሸ፣ «ይሄ የአንተ ነገር ሞተር አይደለም፤ ሳሎን ነው» አለኝ። ለስድብ ያለው ቢሆንም እኔ ከዚህ የተሻለ መግለጫ አላገኘሁለትም።

ታንኩ 21 ሊትር ይይዛል። ከ2018 በፊት የነበሩት 25 ሊትር ገደማ ይይዙ ስለ ነበር የቀድሞውን የለመዱ ሰዎች ይህን ቅናሽ ሳያነሡ አያልፉም። በእኛ ጉዞ፣ ከንፋስ ጋር እየታገለ፣ በአንድ ሊትር 16 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶልኛል፤ ይህም ለአብዛኛው መንገድ ከበቂ በላይ ነው። ከለስክ እስከ ኒውካስል ያለው ወደ 130 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርቀት ግን በሩብ ታንክ የሚደፈር አይደለም። ዋዮሚንግ በሕዝብ ቁጥር ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ የምታንስ ስትሆን የለስክ አውራጃ ናዮብራራ ደግሞ በዋዮሚንግ ካሉት ሁሉ ያነሰ ሕዝብ ያለው ነው፤ ከከተማዋ ከወጡ በኋላ አጥር፣ የደረቀ ሣርና አልፎ አልፎ ከብት እንጂ ማደያ አይጠብቁ።

ስለ ዕቃ መጫኛው ግን በሰፊው መናገር አለብኝ፤ በፍልሰታ ወደ ስተርጂስ የሚሄድ ጾመኛ ስንቁን ካልያዘ ጦሙን ያድራል። ራሊው የሚከፈተው በፈረንጆቹ ኦገስት የመጀመሪያ ዓርብ ሆኖ አሥር ቀን ስለሚቆይ የመጨረሻዎቹ ቀናት ሁልጊዜ ከጾሙ ጋር ይገጥማሉ፤ በየመንገዱ ዳር የሚጠበሰው ደግሞ የጎሽ ሥጋ፣ ጎድንና ቋሊማ ነው። ስለዚህ በኋላው ሣጥን ውስጥ እንጀራ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ዘይት፣ በሶና ቆሎ ከአንዲት ትንሽ የጋዝ ምድጃ ጋር ጫንሁ። ከ2021 ሞዴል ወዲህ ይህ ሣጥን 61 ሊትር ሆኗል። እንጀራን እንደ ተዘረጋ የሚይዝ ስፋት የለውም፤ አራት ላይ አጥፌ በፕላስቲክ ጠቅልዬ ነው ያስገባሁት። ከኒውካስል ወጣ እንዳልን የያዘን ዝናብ ሱሪያችንን ሲያበሰብስ ሣጥኑ ጠብታ አላስገባም፤ እንጀራው እንደ ገባ ለስልሶ ወጣ። የጎን ሣጥኖቹ ጠበብ ያሉ ስለሆኑ የመኝታ ከረጢቴ አልገባ ብሎ ከወዳጄ ፖርቶመጋላ ላይ ታስሮ ሄደ።

የበርበሬው ነገር ለብቻው መነገር ይገባዋል። ሁለት አንድ ዓይነት የፕላስቲክ ዕቃ በርበሬ ሞልተን፣ አንዱን እኔ፣ አንዱን እርሱ ይዘን ነበር። ማታ ድንኳን ተክለን ጓዛችንን ስንፈታ የእኔው ክዳን ኦሮራ ላይ እንደ ጠበቀ ነው። የእርሱ በንዝረት ጥቂት በጥቂት ላልቶ ተከፍቶ ኖሮ የዝናብ ልብሱ፣ ካልሲውና የጥርስ ብሩሹ ሳይቀር ቀይ ሆነው ወጡ። ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ስለ መለስለሱ ብዙ ጽሑፍ አንብቤአለሁ፤ እንደዚያ ብሩሽ ያስረዳኝ ግን የለም።

አሁን ወደ ክብደቱ ልምጣ። ይህ ሞተር ያለ ጓዝና ያለ ሰው ከ380 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ አራት ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው። በአውራ ጎዳና ላይ ክብደቱ የት እንደ ገባ አይታወቅም። በእግር እርምጃ ፍጥነት ሲሄዱ ግን ተመልሶ ይመጣና ሙሉውን ዋጋ ይጠይቃል። ስተርጂስ ዳር ያረፍንበት የድንኳን ሰፈር መግቢያው ጠጠር የፈሰሰበትና ወደ ግራ ያዘነበለ ነበር። ከፊቴ ያሉት ድንገት ሲቆሙ፣ መሪው እንደ ተጠመዘዘ የፊት ፍሬን ያዝሁ፤ በየትኛውም ከባድ ሞተር ላይ ሊሠራ የማይገባው ስሕተት ይህ ነው። ግራ እግሬ ጠጠሩ ላይ ሸርተት አለ፤ ሞተሩም ሳይቸኩል፣ ሽማግሌ መደብ ላይ ጋደም እንደሚል፣ ቀስ ብሎ ወደ ጎኑ ተኛ። የጎን መከላከያው ደግፎ ስለ ያዘው ቀለሙ አልተጫረም፤ እኔም ከኀፍረት በቀር ጉዳት አልደረሰብኝም። ወዳጄ ሞተሩን አቁሞ ሲሮጥ፣ ሁለት የማናውቃቸው ጺማም ሰዎች ከድንኳናቸው ወጥተው ተጨመሩ፤ ለአራት አነሣነው። አንደኛው ጎልድ ዊንግ የነዳ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ሳያስተኛው እንደማይቀር ነግሮ ሊያጽናናኝ ሞከረ። ወዳጄ ግን እስከ እራት ድረስ ሳሎኑ መኝታ ቤትም እንዳለው ሲያስታውሰኝ አመሸ።

መፍትሔው ከመጀመሪያውም እጄ ላይ ነበር። በግራው መያዣ ላይ ባለው ቁልፍ ሲታዘዝ ሞተሩ በሰዓት 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ፊትም ወደ ኋላም በራሱ ይሳባል። መጀመሪያ ላይ የሰነፍ መሣሪያ መስሎኝ ንቄው ነበር፤ ከጠጠሩ በኋላ ግን ያለ እርሱ አንድም ቦታ አላቆምሁም። በእጅ የሚያዝ ፍሪሲዮን ስለሌለው በዝግታ ሲዞሩ ኃይሉን በጣት መቆጣጠር አይቻልም፤ የኋላውን ፍሬን በእግር በጥቂቱ ይዞ ቤንዚን እየሰጡ መዞርን መልመድ ያስፈልጋል። እኔ በባዶ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ አንድ ሰዓት ፈጅቶብኛል፤ ያንን ሰዓት ኦሮራ ላይ ማጥፋት ነበረብኝ። መቀመጫው ከመሬት 745 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚርቅ ቁመቴ አንድ ሜትር ከሰባ የሆንሁት እኔ ሁለቱንም እግሬን በሙሉ አሳርፋለሁ፤ አጭር ነኝ ብሎ የሚፈራ ሰው በዚህ በኩል አይስጋ።

በ1938 ጃክፓይን ጂፕሲስ የተባለ የሞተር ክለብ በዘጠኝ ተወዳዳሪዎች የጀመረው ራሊ ዛሬ 7,000 ያህል ነዋሪ ባላት ከተማ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ያከማቻል። ዋናው ጎዳና ላይ የሚደረደሩት ሞተሮች አብዛኞቹ ሃርሊ ዴቪድሰን ሲሆኑ ድምፃቸው ከሆድ ይሰማል፤ በመካከላቸው ጎልድ ዊንግ የልብስ ስፌት መኪና ያህል ነው የሚሰማው። ሁሉም የኋላ ጎማውን ወደ እግረኛ መንገዱ አስጠግቶ፣ ጥርስ ለጥርስ ተገጣጥሞ ስለሚያቆም ወደ ኋላ መግባት ግድ ነው። ሌላው በእግሩ እየገፋ ሲያልበው እኔ ቁልፌን ተጭኜ ገባሁ። የደቡብ ዳኮታ ሕግ ዕድሜው 18 የሞላውን ሰው ሄልሜት አድርግ ብሎ ስለማያስገድድ ባዶ ራሱን የሚነዳው ብዙ ነው፤ እኛ ግን አላወለቅንም።

በሦስተኛው ቀን ከከተማዋ በስተ ደቡብ ወዳለው የአይረን ማውንቴን መንገድ ወጣን። በ27 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 314 ኩርባዎች፣ በተራራው ውስጥ የተፈለፈሉ ሦስት ጠባብ ዋሻዎችና እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት በራሳቸው ላይ የሚጠመዘዙ የእንጨት ድልድዮች አሉት፤ ከዋሻዎቹ ሲወጡ በራሽሞር ተራራ ላይ የተቀረጹት የፕሬዚዳንቶቹ ፊቶች ከፊት ለፊት ይመጣሉ። እንዲህ ያለ ከባድ ሞተር እዚህ ይጨነቃል ብዬ ጠብቄ ነበር። ከመኪና በተወሰደው የፊት ሞላ አሠራር ምክንያት ጉድጓዱ መሪው ላይ ሳይደርስ ይዋጣል፤ ሞተሩም ከጠበቅሁት በላይ በፈቃደኝነት ይጋደማል። ሆኖም በጣም ጠባብ በሆኑት ኩርባዎች የእግር ማሳረፊያው አስፋልቱን ሁለት ጊዜ ነክቶብኛል። በዚያ መንገድ ላይ ወዳጄ ጥሎኝ ሄዶ ላይኛው ማቆሚያ ላይ በሶ በጥብጦ ሲጠጣ ደረስሁበት።

ስለ አከራዩ አጭር ቃል። ሞተሩን ስረከብ የኋላው ጎማ ንፋስ ከሚገባው በታች ነበር፤ ያየሁት እኔ እንጂ ያስረከበኝ ሠራተኛ አይደለም። በመያዣነት ከካርዴ ላይ የታገደው ገንዘብም ሞተሩን ከመለስሁ በኋላ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው የተለቀቀው። ጥያቄዬን በትሕትና ከማስተናገድ አልቦዘኑም፤ ነገር ግን ትሕትና ጎማ አይነፋም። ማንኛውም ተከራይ የጎማውን ንፋስ ራሱ ይለካ፣ ያለውን ጭረት ሁሉ ከመረከቡ በፊት ፎቶ ያንሣ፣ መንጃ ፈቃዱ ላይም የሞተር ፈቃድ መኖሩን አስቀድሞ ያረጋግጥ። ስልክ ከሞተሩ ስክሪን ጋር ተያይዞ ካርታ የሚያሳየው ሄልሜት ውስጥ ያለው ማዳመጫ ጭምር ሲገናኝ ስለሆነ ይህንንም ቤት ሳሉ ይሞክሩት።

ስንመለስ ለስክ ላይ ተቀያየርን፤ የወዳጄ ስም በኪራይ ውሉ ላይ በሁለተኛ ነጂነት ሰፍሮ ነበር። ቶሪንግተን ላይ ይመልስልኛል ተባብለን ስናበቃ ቶሪንግተንን እጁን እያወዛወዘ አለፈው፤ ያገኘሁት ሻየን ማደያ ውስጥ፣ መቀመጫው ላይ ተደላድሎ ነው። የጭነት መኪና ሲነዳ የጎዳው ወገቡ መንገዱን በሙሉ አላመመውም። የእኔ ግን በእርሱ ሞተር ላይ ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ዝም አላለኝም።

እኔ አልገዛውም። የምኖርበት አፓርታማ የመኪና ማቆሚያ ዳገት ነው፤ ለአከራዩ ከመመለሴ በፊት ወስጄ እዚያ አቁሜው፣ በእግሬ ደግፌ ለማውጣት ስሞክር የስተርጂስ ጠጠር ትዝ አለኝ። በዓመት ለአንድ ሳምንት አውራ ጎዳና ብዬ ሌላውን ጊዜ ሁሉ ከዚያ ዳገት ጋር መታገል አያዋጣኝም። ደልዳላ ጋራዥ ያለው፣ በወር አንድ ጊዜ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ፣ ከኋላው ሰው የሚጭን ከሆነ ግን ገንዘቡ የሚያስቆጭ አይመስለኝም። ለሚቀጥለው ነሐሴ ሁለት ጎልድ ዊንግ ለመከራየት ተስማምተናል፤ በራሊው ሰሞን ኪራይ ስለሚጣበብ ከፋሲካ በፊት ልናስይዝ አስበናል፤ በርበሬውም በሙሉ በእኔ ሣጥን ይጫናል።