የማላካ ሰርጥ ጥበቃ፦ የባሕር ቅኝት እና ሪካፕ

በማላካ ሰርጥ የባሕር ወንበዴን የሚከላከሉ ሁለት አሠራሮች አሉ። ኢንዶኔዥያ፣ ማሌዢያና ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመሩት ቅኝት የጦር መርከብ ያሰማራል፤ በ2005 የአየር ቅኝት ተጨመረበት፣ በ2008 ታይላንድ ገባችበት። ችግሩ ድንበር ላይ ነው፦ እያንዳንዱ ባሕር ኃይል የሚቃኘው የራሱን ውኃ ስለሆነ፣ ወንበዴው ሲሻገር አሳዳጁ ለጎረቤት አገር አሳውቆ ይቆማል። መልእክቱ ከዘገየ ወንበዴው አመለጠ ማለት ነው።

ሁለተኛው አሠራር፣ በጃፓን ሐሳብ የተመሠረተው ሪካፕ (ReCAAP)፣ በእስያ የባሕር ወንበዴን ለመከላከል አገሮች የተፈራረሙት የትብብር ስምምነት ነው፤ የራሱ መርከብ የለውም። በ2006 ሲንጋፖር ላይ የተከፈተው ማዕከሉ ከአባል አገሮች ሪፖርት ሰብስቦ ማስጠንቀቂያ ያሰራጫል። ለመርከብ ባለቤቶች ትልቅ እገዛ ነው፤ የሚያሳዝነው ግን የሰርጡ ዋና ባለዳርቻዎች ኢንዶኔዥያና ማሌዢያ ከስምምነቱ ውጭ መቅረታቸው ነው። ጥቃት የደረሰበት ካፒቴን በቅድሚያ ማሳወቅ ያለበት ለቅርቡ ባለዳርቻ አገር ነው።