«ሚልኪ እናያለን» የሚለው የጅማ ጀበና ቡና፦ ቡናው ልክ ነው፣ ሰሌዳው ግን ይታረም

ጅማ ውስጥ፣ ከሂርማታ ገበያ ብዙም ሳይርቅ፣ በሩ ላይ «ጀበና ቡና፤ ሚልኪ እናያለን» የሚል ሰሌዳ የተሰቀለበት ትንሽ ቤት አለ። ስሙን ትተን ሥራውን እንገምግም። የሚሸጠው ሁለት ነገር ነው፦ ከአቦል እስከ በረካ የሚደርስ ቡና፣ ለፈለገ ሰው ደግሞ የስኒ ንባብ። ቡናው ጅማን የሚያኮራ ነው። ንባቡ ላይ ያለው ቅሬታ ግን ገና ከሰሌዳው ይጀምራል፤ ሚልኪ ይገጥማል እንጂ በትዕዛዝ አይታይም።

ቡናው የአካባቢው ጀንፈል ነው። ተቀሽሮ፣ ተለቅሞና ታጥቦ በብረት ምጣድ ይቆላል፤ ፍሬው ወዝ ማውጣት ሲጀምር ያወርዱታል፣ አያከስሉትም። የሚወቀጠው በሙቀጫና በዘነዘና ነው። ለ6 ስኒ 50 ግራም ገደማ፣ በሾርባ ማንኪያ ሲለካ ወደ 7 ሞላ ሞላ ያለ ማንኪያ፣ ይገባል። ጀበናው ከፈላ በኋላ ማቶቱ ላይ 4 ደቂቃ ያህል ተቀምጦ ይሰክናል፤ አፉ ላይም ከፈረስ ጭራ የተሠራ ማጥለያ አለው። በዚህ ምክንያት አቦሉ ወፍራም ሆኖ ሳለ ምላስ ላይ ዱቄት አይተውም። ጤና አዳም ለጠየቀ ይቀርባል። ስኳር ግን ሳይጠየቅ ይጨመራል፤ ይህ ስህተት ነው፣ ጉዳቱም ከጣዕም ያልፋል።

አሁን ወደ ቃሉ። «ሚልኪ» ወይም «ምልኪ» ተብሎ ይጻፋል። «ምልኪ» የሚለው አጻጻፍ «ምልክት» ከሚለው ጋር ጆሮ ላይ ስለሚገጥም ብዙ ሰው ይቀናዋል፤ ጅማ ላይ የሚሰማው ግን «ሚልኪ» ነው፣ አፋን ኦሮሞም ውስጥ ያው ቃል አለና። ሆኖም ክብደቱ በሁለቱ ቋንቋዎች አንድ አይደለም። በአፋን ኦሮሞ ወደ መልካም ዕድልና ወደ መሳካት ያደላል፤ «ሚልካኤ» ማለት ተሳካ ማለት ነው፣ ሚልኬሳ የሚለው የሰው ስምም የዚያው ዘር ነው። በአማርኛ ግን ቃሉ በራሱ ወዴትም አያጋድልም። «ጥሩ ሚልኪ»፣ «መጥፎ ሚልኪ» ብሎ መለየት ያስፈልጋል። ሁለቱን ቋንቋ የሚናገር የጅማ ሰው ሰሌዳውን ሲያነብ መልካም ዜና ሊጠብቅ ይችላል፣ በአማርኛ ብቻ ያደገው ደግሞ ሁለቱንም። በአንድ ሰሌዳ ሁለት ዓይነት ተስፋ ይዘው የገቡ ደንበኞች ናቸው ማለት ነው።

አንድን ነገር ሚልኪ የሚያሰኙት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ሳይጠሩት የመጣ ክስተት፣ ሊጀመር የታሰበ ጉዳይ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ የቆየ ልማድ። ለመንገድ የወጣ ሰው ውሃ የሞላ እንስራ የተሸከመች ሴት ቢያገኝ ጥሩ ሚልኪ ነው ይላል፣ እንስራው ባዶ ከሆነ ይከፋዋል። መንገድ የሌለው ሰው ያንኑ እንስራ ቢያይ ያየው ውሃ ነው፣ ሌላ ምንም የለም። ለሽምግልና ሲወጡ እግር ቢያደናቅፍ፣ ስለ ገንዘብ እየታሰበ መዳፍ ቢበላ፣ ሁሉም በዚሁ ልክ ይለካል። ስለዚህ ቃሉ የሚሄድባቸው ግሶች ጥቂት ናቸው፤ ሚልኪ ይሆናል፣ ይገጥማል፣ ሰውም በሚልኪ ያምናል። «ሚልኪ አስነበብኩ» የሚል አማርኛ ግን ጆሮ ይቆረቁራል፣ ከፍሎ ያስመጡት ነገር ሚልኪነቱን ያጣልና።

የቃሉን ዘመዶች ለይቶ ማወቅም እዚህ ቤት ለሚገባ ሰው ይጠቅማል። «ገድ» ከክስተት ይልቅ ሰው ወይም ዕቃ ላይ ይጣበቃል። ነጋዴ ጠዋት የመጀመሪያውን ሽያጭ እጅ መፍቻ ይለዋል፣ ቀኑ ከቀናው ያንን ደንበኛ «ገዴ ነው» ይላል፤ በተቃራኒው የቆመ ሰው ገደ ቢስ ይባላል፣ ይህም ከባድ ስድብ ነው። «ንግርት» ከድሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ፣ ወደፊት ይሆናል የተባለ ነገር ነው። «ሟርት» ደግሞ ክፉን በአፍ መጥራት ነው፤ «አታሟርትብኝ» የሚባለው ክፉው ነገር ከምላስ ተነሥቶ እንዳይደርስ በመፍራት ነው። «ሞራ ገላጭ» የታረደ ከብት ሞራ ዘርግቶ የሚመለከተው ባለሙያ ነው። አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ዘዳግም ምዕራፍ 18 ቁጥር 10 ላይ ምዋርተኛውንና ሞራ ገላጩን ለየብቻ ጠርቶ ይከለክላል፤ አንድ ሥራ ቢሆኑ ሁለት ስም ባላስፈለጋቸው ነበር። በእስልምና በኩልም ልዩነቱ ተቀምጧል፤ ነቢዩ ክፉ ገድን ማመንን ነቅፈው፣ «ፋል»ን፣ ማለትም ሰው ሳያስበው የሚሰማውን መልካም ቃል፣ እንደወደዱ በሐዲስ ተነግሯል። ፋልና የአማርኛው ጥሩ ሚልኪ እዚህ ላይ በጣም ይቀራረባሉ።

ስኒ ማየት ከእነዚህ ውስጥ የት ይገባል? ደንበኛው አዟል፣ ከፍሏል፣ ሌላ ሰው ተርጉሞለታል። ይህ ለጥንቆላ ይቀርባል፣ ለሚልኪ አይቀርብም። የምታነበው ሴትዮ «እናቴ፣ ሚልኪሽ ጥሩ አይደለም፣ ከቤትሽ ሰው ይታመማል» ስትል ሳታውቀው ከስኒ ንባብ ወደ ሟርት ተሻግራለች። ብዙ ሰው ደንግጦ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው፤ በሰሌዳው የተነገረው ሌላ፣ የተቀበለው ሌላ። ቤቱ ይህን ማረም አለበት፣ ሰው ቤተሰቡን የሚነካ ነገር ይዞ ነው ወደ ቤቱ የሚመለሰው።

ንባቡ ራሱ እንዴት ይሠራል የሚለው ላይ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። ደንበኛው ከስኒው ሥር አንድ ጉንጭ ያህል ያስቀራል፣ ስኒውን ሦስት ጊዜ ያሽከረክራል፣ በማስቀመጫው ሳህን ከድኖ ይገለብጣል፣ 5 ደቂቃ ያህል ይጠብቃል። አተላው ግድግዳው ላይ ይደርቃል፣ የሚነበበው እሱ ነው። ስኒው ሳይቀዘቅዝ ቢነሳ ዝቃጩ ተንሸራትቶ ቅርጹ ይጠፋል። እዚህ ቤት ወረፋ ሲበዛ 2 ደቂቃ እንኳ አይጠብቁም።

ሁለተኛው እክል ከስኒው ነው። በቱርክ ልማድ አንባቢው የስኒውን እጀታ መነሻ አድርጎ ቀኝና ግራ ይለያል። የእኛ ስኒ እጀታ የለውም። ተገልብጦ ሲነሳ የት በኩል እንደተጠጣ አይታወቅም፣ ቀኝ ግራ ይሆናል፤ «ቀኝ አውለኝ» ብሎ ለሚጸልይ ሕዝብ ደግሞ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የጠጡበትን የስኒ ከንፈር በአውራ ጣት እንደያዙ መገልበጥ፣ ሳህኑ ላይም በዚያው በኩል አንድ ቆሎ ማስቀመጥ።

ሦስተኛው ስኳሩ ነው። ስኳር የበዛበት አተላ ተጣብቆ አንድ ጉብታ ይሆናል፣ መስመር አይሠራም። ጉብታውን ደግሞ ሁልጊዜ «ሸክም» ብለው ያነቡታል፤ የስኳሩ ሥራ ለደንበኛው ዕጣ ይቆጠራል።

ከሁሉም የከፋው ግን ሁለቱ አገልግሎቶች እርስ በርስ የሚጣሉ መሆናቸው ነው። በደንብ የሰከነና በጭራ የተጠለለ ቡና የሚነበብ አተላ አይተውም። ስለዚህ ንባብ የሚፈልግ ሰው ካለ ማጥለያውን ይነቅላሉ፣ ሳይሰክን ይቀዳሉ፤ በአንድ ጀበና ዙሪያ የተቀመጠው ሁሉ ደፍራሽ ይጠጣል። የሚሻለው አቦሉን በማጥለያ፣ ንባቡን ከቶናው ማድረግ ነው፤ በረካው ቀጭን ስለሆነ የሚተወው ምልክት ደብዛዛ ነው።

መቀመጫው ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ የጅማ በርጩማ ነው፣ ባለ ሦስት እግር፤ ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም አይንገዳገድም። የንባቡ ዋጋ ሰሌዳ ላይ አልተጻፈም፣ ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከ5 ነጥብ ለቡናው 4 ተኩል፣ ለንባቡ 2። ሰሌዳው «ስኒ እናያለን» ተብሎ ቢታረም ንባቡም 3 ይገባው ነበር። ሐሙስ የገበያ ቀን በመሆኑ ይጨናነቃል፣ በሌላ ቀን ጠዋት መሄድ ይመረጣል። ቡና ብቻ የፈለገ ሰው ሲቀመጥ ወዲያው «ማጥለያው ይኑር፣ ስኳር አይግባ» ይበል፤ ጀበናው አንዴ ከተነሳ በኋላ ማስተካከል አይቻልም።