ፍሪኮድካምፕ ለስራ ፈላጊ፦ ጃቫስክሪፕቱ አሪፍ ነው፣ ሰርተፍኬቱን እርሱት

የቱን የፕሮግራሚንግ ላንጉጅ ብማር ነው ስራ የማገኘው ለምትሉኝ ልጆች፣ እኔ የተማርኩበትን ኮዲንግ የሚያስተምር ድረገጽ፣ ፍሪኮድካምፕን ሪቪው ላድርግላችሁ፣ መልሱም እዛው ውስጥ አለ። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው፣ ሙሉ በሙሉ ነፃ፣ ካርድ አስገቡ ምናምን የለም። አብዛኛው ጽሁፍና ልምምድ ስለሆነ ፓኬጅ ቶሎ አይጨርስም። በስልክም ይሰራል ግን ኪቦርዱ ግማሽ ስክሪን ስለሚይዝ ኮዱ ሲረዝም ያናድዳል፣ ላፕቶፕ ያለው ጓደኛ ፈልጉ።

ደስ ያለኝ ፕሮጀክቶቹ ናቸው። ጃቫስክሪፕቱ ላይ ቁጥር ወደ ሮማን የሚቀይር ፕሮግራም ስሩ ይላል፣ እሱን ስጨርስ ለምን የኛን አልሞክርም ብዬ ወደ ግዕዝ የሚቀይር ጀመርኩ፣ ወይ ጉድ! ዜሮ ሚባል የለ፣ ቁጥሩን ከኋላ ሁለት ሁለት ዲጂት እየከፈልክ ፻ (መቶ) እና ፼ን (አስር ሺህ) እያፈራረቅክ ነው ሚኬደው፣ 2017 ፳፻፲፯ ሆኖ እስኪወጣልኝ ናላዬ ዞሯል። ኮድ የሚቀመጥበት ድረገጽ፣ ጊትሀብ ላይ ጫንኩት። ኢንተርቪው ላይ ሰውዬው ሰርተፍኬቴን ዞር ብሎም አላየው፣ ይቺን ኮድ ግን መስመር በመስመር ነው ያስለፈለፈኝ፣ መቶ ሲሆን ፩ዱን የት አጠፋኸው ሳይቀር (መቶ ፻ ብቻ ነው ሚፃፈው፣ ፩፻ አይባልም)።

ላንጉጁን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ የሚወጡ የጁኒየር ማስታወቂያዎችን ቴሌግራም ላይ ትንሽ ጊዜ ተከታተሉ፣ ሪአክት፣ ኖድ፣ ላራቬል፣ ፍለተር እየተደጋገመ ታገኙታላችሁ። እነዚህ ዌብሳይትና አፕ መስሪያ መሳሪያዎች ናቸው፣ ላንጉጃቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጃቫስክሪፕት፣ ላራቬል ፒኤችፒ፣ ፍለተር ዳርት። ባንክ ልግባ ያለ ጃቫና ስፕሪንግ ቡት (የጃቫ መሳሪያ ነው) ይያዝ፣ የዳታቤዝ ላንጉጁን ኤስኪውኤልንም አብሮ። ፓይተን ላይ ሁሉም ኤአይ ኤአይ እያለ እየሮጠ ነው፣ ላንጉጁ ቀላልና ቆንጆ ነው አልክድም፣ ግን ስታቲስቲክስ ሳይነኩ ፓይተን ብቻ ይዞ ዳታ ሳይንቲስት ነኝ ማለት አያዋጣም፣ ለጀማሪ የሚወጣውም ቦታ እኔ እንዳየሁት ትንሽ ነው። ኦዱ (የድርጅት ስራ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር) ላይ የሚሰሩ ድርጅቶች ግን ፓይተንን ይፈልጉታል።

ጉድለቱ፣ እጃችሁን ይዞ ነው ሚያስኬዳችሁ፣ ይሄን መስመር ጨምር፣ ይሄን አጥፋ እያለ፣ ከዛ ባዶ ቪኤስ ኮድ (ኮድ መፃፊያው ፕሮግራም) ስትከፍቱ ምን ልፃፍ ትላላችሁ። ጠያቂና ገፋፊ የሚፈልግ ሰው ብቻውን ይሰላቻል። ሆኖም አንድ ጓደኛዬ ከፍሎ ከገባበት ማሰልጠኛ (ስም አልጠራም) መቶ እጅ ይሻላል፣ እነሱ ግማሹን ኮርስ በፓወር ፖይንት ነው የጨረሱት።

ከ5 4 ሰጥቼዋለሁ። ሪአክት ስትደርሱ የቻፓን (የኦንላይን ክፍያ አገልግሎት) ቴስት ኪይ፣ ማለትም የመሞከሪያ ቁልፍ፣ አውጡና ክፍያ የሚቀበል ትንሽ ሱቅ ስሩበት፣ ፔይመንት ኢንተግሬት አድርገህ ታውቃለህ ወይ የምትለዋ ጥያቄ እዚህ ሀገር ኢንተርቪው ላይ ብዙም አትቀርም።