ለማርገዝ ስንሞክር ለእንቁላል ጥራት የቱ ይገዛ? የ40 ብሩ ፎሊክ አሲድ ወይስ የ6,500 ብሩ ኮኪው ቴን

"ኮኪው ቴን ልግዛ ወይ?" የሚል፣ የእንቁላል ጥራት ይጨምራል ተብሎ ስለሚሸጠው ክኒን የሚቀርብ ጥያቄ በዚህ ወር ብቻ አራት ጊዜ ደርሶኛል። ሁለቱ ከኮምቦልቻ፣ አንዷ ከሐይቅ ናቸው። አንዷ ደግሞ እዚሁ ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ የምትኖር የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ናት። አይ ቪ ኤፍ፣ ማለትም እንቁላልና የወንድ ዘር ከማሕፀን ውጭ የሚዋሃዱበትን ሕክምና፣ እንደሞከርኩ ሁሉም ያውቃሉ። ለእያንዳንዳቸው በስልክ ከምደጋግመው አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

መልሴን ከፊት ላስቀምጥ። መጀመሪያ ፎሊክ አሲድ ግዙ። ቀጥሎ ለምርመራ የሚሆን ብር ያዙ፣ ለሚስትም ለባልም። ኮኪው ቴን ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም የሚከታተላችሁ ሐኪም ካዘዘና ኪሳችሁ ከቻለ። እኔ ቅደም ተከተሉን ገልብጬ 13,000 ብርና ስምንት ወር አጥቻለሁ። ከብሩ ይልቅ የሚቆጨኝ ስምንቱ ወር ነው።

አዲስ አበባ ሄጄ ሕክምናውን ስጀምር 36 ዓመቴ ነበር። ስድስት እንቁላል ወጣልኝ። አራቱ የበሰሉ ነበሩ፤ ሦስቱ ከወንድ ዘር ጋር ተዋሃዱ። በሦስተኛው ቀን ሦስቱም በደንብ እየተከፋፈሉ ነው ተባልኩ። በአምስተኛው ቀን ሲደወል ዘመድ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ወደ ማሕፀን ለመመለስ አንዱም አልደረሰም። ቢላዋውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

በስልኩ ከተነገረኝ ሁሉ ጆሮዬ ላይ የቀረው "የእንቁላል ጥራት" የሚለው ቃል ብቻ ነው። ደሴ እንደተመለስኩ ቴሌግራም ከፈትኩ። "ከአሜሪካ የመጣ፣ የእንቁላል ጥራት የሚጨምር፣ 60 ፍሬ፣ 6,500 ብር።" ሁለት ብልቃጥ አዘዝኩ። በቀን ሁለት ስለሚዋጥ አንዱ ብልቃጥ የሚበቃው ለአንድ ወር ነው። ይህን ያሰላሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው። እንቁላል ከመውጣቷ በፊት ለማደግ ወደ ሦስት ወር ገደማ ይፈጅባታል። ስለዚህ ክኒኑ የሚሠራ ቢሆን እንኳ ሦስት ወር መዋጥ አለበት። 19,500 ብር ማለት ነው።

ሁለተኛውን ብልቃጥ ስጀምር ከሥሩ ያለው የማብቂያ ቀን ትንሽ ተላጦ አየሁት። በጥፍሬ ስጎትተው ከሥሩ ሌላ ቀን ወጣ፤ ያለፈ ቀን። አንዱን እንክብል ስኒ ማስቀመጫ ላይ ከፈትኩት። እንደ ፉርኖ ዱቄት ነጭ ነው። ብልቃጡ ላይ "ዩቢኪኖን" ይላል፤ የኮኪው ቴን ሌላ ስሙ ነው። ዩቢኪኖን ደግሞ ቀለሙ ቢጫ ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ፣ ውሃ ውስጥ የማይሟሟ ነገር ነው። የእኔን ውሃ ላይ ብበትነው እንደ ስኳር ጠፋ። የማውቃት ፋርማሲስት ዘንድ ወሰድኩት። ገልብጣ አየችውና "ባች ቁጥርም (የምርት ቁጥር) የለውም፣ አትዋጪው" አለችኝ። ሻጩ ስልኩን ዘጋው። አንድ ወር ሙሉ ምን ስውጥ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

እውነተኛው ኮኪው ቴንስ? ሐሳቡ መሠረት አለው። እንቁላል ስንቋን ተሸክማ ነው የምትነሳው። ከወንድ ዘር ጋር ከተዋሃደች በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ፅንሱ የሚንቀሳቀሰው በዋናነት እናትየው እንቁላሏ ውስጥ ባስቀመጠችው ነው። የኃይል ማመንጫዎቹ፣ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉት፣ ሙሉ በሙሉ ከእንቁላሏ የመጡ ናቸው። ኮኪው ቴን የእነዚህን ሥራ ያግዛል ነው የሚባለው። የእንቁላላቸው ቁጥር ባነሰ ሴቶች ላይ የተደረጉ ትናንሽ ጥናቶችም ተስፋ ሰጪ ውጤት አሳይተዋል። ልጅ ታቅፎ ቤት የመግባትን ዕድል ይጨምራል የሚለው ግን ገና አልተረጋገጠም። ይህን ልዩነት ሻጭ አይነግራችሁም።

ትልቁ ጉዳይ ዕድሜ ነው። እንቁላሎቻችን ከእኛው ጋር የተወለዱ ናቸው። ዓመት በጨመረ ቁጥር ክሮሞዞም፣ ዘረመል የሚሸከመው ክር፣ በትክክል ሳይካፈል የሚቀርባቸው ይበዛሉ። 23 መያዝ ያለባት እንቁላል 22 ወይም 24 ይዛ ትወጣለች። ብዙ ፅንስ መንገድ ላይ የሚቆመው በዚህ ነው። ይህን የሚመልስ ክኒን በየትኛውም ዋጋ አይሸጥም።

ፎሊክ አሲድም እንቁላልን ወጣት አያደርግም። ሥራው ሌላ ነው፤ ያንን ሥራ ግን በእርግጥ ይሠራል። የሕፃኑ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚዘጋው በተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው፤ ብዙዎቻችን ማርገዛችንን ሳናውቅ። በትክክል ሳይዘጋ የሚቀርበት ችግር በአገራችን ብዙ ነው። ስለዚህ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት መጀመር ያስፈልጋል። ለብዙዎቻችን በቀን 400 ማይክሮግራም ይበቃል። የ5 ሚሊግራሙ ለይቶ ለሚታዘዝላቸው ነው፤ ለምሳሌ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ልጅ ለፀነሱ። ስትገዙ መጠኑን አንብቡ። እኔ አሥር ፍሬውን በ40 ብር ነው የገዛሁት፤ ለሦስት ወር 360 ብር። ፋርማሲ ገብቼ፣ ደረሰኝ ይዤ።

አሁን የምርመራውን ሒሳብ ተመልከቱ። ኤኤምኤች ለሚባለው የደም ምርመራ አዲስ አበባ 3,200 ብር ከፈልኩ። አልትራሳውንድ እዚህ ደሴ 500፣ የባለቤቴ የዘር ፈሳሽ ምርመራ 450። ድምሩ 4,150 ብር ነው። የአንድ ብልቃጥ ዋጋ እንኳ አይሞላም። ኤኤምኤች የሚናገረው ስለ እንቁላል ብዛት ነው፣ ስለ ጥራት አይደለም። ዝቅ ብሎ ቢመጣ አትደንግጡ፤ ጊዜ እንዳታባክኑ ግን ይነግራችኋል።

የባል ምርመራ ላይ እልህ ይዞኛል። መፀነስ ካቃታቸው ጥንዶች ወደ ግማሽ በሚጠጉት የወንዱ ድርሻ አለበት፤ ዕፅዋቱንም ክኒኑንም የምንውጠው ግን እኛ ነን። እኔ ከስምንት ወር በኋላ ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ሐኪሟ የጠየቀችኝ ስለ እንቁላሌ ብቻ አልነበረም። "ባለቤትሽ በቅርብ ታሞ ነበር?" አለችኝ። ለሥራ ሚሌ ወርዶ ወባ ይዞት ነበር፤ የመጀመሪያው ሕክምና ሊጀመር ሁለት ወር ሲቀረው። ከባድ ትኩሳት የወንድን ዘር ለሁለት ሦስት ወር ሊጎዳ ይችላል። ከሦስተኛው ቀን ወዲያ ደግሞ ፅንሱ በራሱ ዘረመል መሄድ ስለሚጀምር የአባትየውም ድርሻ መታየት ይጀምራል። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው አላለችም። ግን በስምንቱ ወር ውስጥ የእሱን ምርመራ በ450 ብር ማስደገም እንችል ነበር።

ሐኪም አዝዞላችሁ ኮኪው ቴን የምትገዙ ከሆነ ከፋርማሲ በደረሰኝ ግዙ። ባች ቁጥሩንና ቀኑን በጥፍር ፈትሹ። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ዋጡት፤ በባዶ ሆድ በደንብ አይወሰድም። በኮምቦልቻ ሙቀት መኪና ውስጥ የዋለ፣ እርስ በርሱ የተጣበቀ እንክብል አትቀበሉ። የተጠራጠራችሁትን በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ መስመር 8482 ጠቁሙ። ዲኤችኢኤ የሚባለውን ግን ያለ ሐኪም እንዳትነኩ፤ ሆርሞን ነው፣ የፊት ፀጉርና ብጉር ሊያመጣ ይችላል።

ከ35 በታች ከሆናችሁ ዓመት፣ ከ35 በላይ ከሆናችሁ ስድስት ወር ሞክራችሁ ካልሆነ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። 40 የሞላት አንድም ወር አትጠብቅ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለክኒን የምታወጡት ብር ለዚያ መንገድ ይሁን። በመንግሥት በኩል ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሕክምናው አለ።

ባለፈው ሳምንት ከኮምቦልቻ የደወለችልኝ 37 ዓመቷ ነው። ብሩን ለሻጩ ልትልክ ስልኳን ይዛ ነበር። "አብሽሪ፣ ቆይ" አልኳት። ባሏ ለመመርመር መጀመሪያ እንቢ አለ፤ በኋላ እሺ ብሏል። ሰኞ ጠዋት የሐረጎን ዳገት ወጥተው አብረው ደሴ ይመጣሉ። ከባሏ ምርመራ በፊት ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት መታቀብ እንዳለባቸው ነግሬያታለሁ።