የእማዬ ልብስ ማጠቢያ፦ ሞተሯ ከተጠቀለለ ዘጠኝ ወር በኋላ

ባለፈው ጥቅምት የእማዬን አሮጌ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ሞተር አስጠቀለልኩ፣ ማለትም የተቃጠለው ሽቦ ወጥቶ በአዲስ ተተካ። አሁን ሐምሌ ነው። በሳምንት ሁለቴ፣ አንዳንዴም ሦስቴ አጥብባታለሁ። እስካሁን ሞተሩ አንድም ቀን አላስቸገረኝም።

ማሽኗ ጣሊያን ሠራሽ ናት። እማዬ በ1980 ዓ.ም. አካባቢ ነው የገዛቻት፣ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ዕቃ ከሚሸጡ ፈረንጆች ቤት። ከፊት ትከፈታለች። ሥራዋን ሁሉ የምትመራው በእጅ በሚዞር ቁልፍ ነው፣ ኤሌክትሮኒክስ ቦርድ የሚባል የላትም።

ችግሩ የጀመረው አንድ ማታ ነው። ውሃ ሞላች፣ እምምም አለች፣ ከበሮዋ ግን አልተነቃነቀም። በእጄ ገፋ ሳደርገው መዞር ጀመረ። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሞተሩ እንዲነሳ የሚያግዘው ካፓሲተር ነው። 16 ማይክሮ ፋራድ ተብሎ የተጻፈበት በቴስተር ሲለካ 9 ብቻ ሆነ። ቀየርኩት። ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ። ሦስት ሳምንት ሠራችና የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ የሞተሩ ጥቅል ተቃጥሏል።

ያየ ሁሉ "ምናለሽ ተራ ሂጂና ያገለገለ ሞተር ግዢ" አለኝ። ሄጄም ነበር። ያገኘኋቸው ሞተሮች ግን ከአዳዲስ ማሽኖች የወጡ፣ ባለ ካርቦን (ወደሚዞረው ክፍል ኮረንቲ የሚያስተላልፉ ቁራጮች ያሏቸው) ናቸው። ፍጥነታቸውን የሚቆጣጠረው ቦርድ ነው። ያለ ቦርድ በቀጥታ መብራት ቢሰጣቸው ልክ በሌለው ፍጥነት ይፈተለካሉ። የእኛዋ ሞተር ሌላ ዓይነት ነው። ካርቦን የለውም፣ ውስጡ ሁለት ዓይነት ጥቅል አለ። ባለ 12 ፖሉ (ፖል የማግኔት ዋልታ ነው፣ በበዛ ቁጥር ሞተሩ ቀስ ይላል) ለማጠቢያ ነው፣ በደቂቃ ከ500 ዙር ትንሽ ዝቅ ይላል። ባለ 2 ፖሉ ለመጭመቂያ ነው፣ ወደ 3000 ይጠጋል። የተቃጠለው የማጠቢያው ብቻ ነበር። ሁለቱም በአንድ ብረት ቦዮች ውስጥ ስለተኙ ግን አንዱን ለብቻው ማውጣት አይቻልም።

ሞተሩን ይዤ መርካቶ ሄድኩ። የሚጠቀልሉት ሰውዬ በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው። ሞተሩን እንኳ ሳይከፍቱ ዘንጉን በጣታቸው አዞሩት። ሻከር አለ። "ልጄ፣ ይሄ ሞተር በከንቱ አልተቃጠለም። ምክንያቱን ካላገኘሽ እኔ የጠቀለልኩትንም ታቃጥዪዋለሽ" አሉኝ።

ይህን ባይሉኝ ኖሮ ገንዘቤ ውሃ ይበላው ነበር። ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ዝጎ ነበር። ቤት ተመልሼ ማሽኗን በጀርባዋ ሳስተኛት የውሃ ማውረጃው ጎማ ከሥር ተሰንጥቆ አገኘሁት። ውሃው ጠብ ጠብ የሚለው ልክ ሞተሩ ላይ ነው። ለካ ካፓሲተሩ ሲደክም፣ ኩሽኔታው ሲከብድ፣ ማታ ማታ ደግሞ መብራት ሲዳከም ሦስቱ ተደራርበው ነው ጥቅሉን የፈጁት። የዚህ ዓይነት ሞተር ጉልበት ከቮልቴጁ ይልቅ በፍጥነት ይወርዳል። 220 የነበረው 180 ሲሆን ከመነሻ ጉልበቱ የሚቀረው ሁለት ሦስተኛው ብቻ ነው። መነሳት ያቃተው ሞተር ደግሞ ብዙ ኮረንቲ እየሳበ ቆሞ ይጋላል።

ሰውዬው አሮጌውን ሽቦ ከማውጣታቸው በፊት የየቦዩን ዙር ቆጠሩ፣ የሽቦውን ውፍረት ለክተው ደብተር ላይ ጻፉ። ይህን ሳያደርግ ሽቦውን ቆርጦ የሚጥል ሰው ካጋጠማችሁ ሞተራችሁን ይዛችሁ ውጡ። ኩሽኔታውን ከሶማሌ ተራ ገዛሁ፤ ቁጥሩ 6202 ነው፣ በሁለቱም በኩል በጎማ የተሸፈነው። የተሰነጠቀውንም የውሃ ማውረጃ ጎማ አስቀየርኩ። ጠቅላላ ወጪው አዲስ ማሽን ከሚጠየቅበት ሲሶውን እንኳ አልሞላም።

ታዲያ አሁን እንዴት ናት? ድምጿ ከበፊቱ ለስልሷል። የመጀመሪያውን ወር ከእያንዳንዱ እጥበት በኋላ ሞተሩን በእጄ እየነካሁ ሙቀቱን አይ ነበር፣ መብራቱን ነቅዬ ማለት ነው። ይሞቃል፣ ግን እጅ ያስቀምጣል። በጥር ከበሮዋን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቶ መንሸራተት ጀመረ፣ የሞተሩን ብሎኖች ፈትቼ ሳብ አድርጌ አጠበቅኩት። ከዚያ ወዲህ ለጥገና ከፍቼያት አላውቅም።

ደስ የማይለኝ ነገር አለ። ጭመቃዋ ደካማ ነው፣ ድሮም እንደዚያው ነበር። በበጋ አይታወቅም። በክረምት ግን ልብሱ ከብዶ ይወጣል፣ ሁለት ቀን ሙሉ ተሰጥቶ አይደርቅም። ሞተር ማስጠቅለል ይህን አይቀይረውም። ጭመቃ ለሚያሳስበው ሰው አዲስ ማሽን ይሻለዋል፣ በግልጽ እናገራለሁ።

ልማዴንም ቀይሬያለሁ። የማጥበው ጠዋት ነው፣ መብራቱ ጠንካራ ሲሆን። እም ብላ ካልተነሳች ወዲያው አጠፋለሁ፣ በእጅ እየገፋሁ አላስነሳትም። ካፓሲተሩን በየሦስት ወሩ እለካለሁ። ባለፈው ሳምንት 15.6 ነበር።

እማዬ ጋቢዋን ማሽን ውስጥ አታስገባም ነበር። ሰሞኑን አንድ ጋቢ ብቻዋን አድርገን ሞከርን። ከበሮዋ ምንም ሳትንገዳገድ ዞረች። እማዬ ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።